ከየኔታ ጉባኤ እስከ እንግሊዝኛው ደብተር፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች የመጻፍ ታሪክ



በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ከአንደኛ ክፍል ጀምራችሁ እንግሊዝኛ ተምራችኋል። አሁን ብዕር አንሥታችሁ ስለ ቅዳሜ ገበያ አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ ብትባሉ፣ ስንቶቻችሁ ሳትጨነቁ ትጽፋላችሁ?

እኔ በእናንተ ዕድሜ አልችልም ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ ውስጥ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የጻፉልንን «የቅርብ ጓደኛዬ» የሚል አንቀጽ ከነነጥቡ በቃሌ ያዝሁ። ፈተናው ሲመጣ ግን ስለ ገበያ ጻፉ አለን። ሌላ የማውቀው አልነበረምና ጓደኛዬን ገበያ ላክሁት። በመጀመሪያው መስመር ወደ ገበያ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያው ቁመቱ፣ የሚወደው ምግብና የሚጫወተው ኳስ ነበር። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን አለቀስሁ። ዘጠኝ ዓመት ተምሬ የራሴን አንድ ሐሳብ በዚያ ቋንቋ ማስፈር እንዳልቻልሁ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ብዙዎቻችሁ ይህንን የሰነፍነት ጉዳይ አድርጋችሁ ትወስዱታላችሁ። ታሪኩን ስንመረምር ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። የእኛ አገር ልጆች በቤታቸው በማይነገር ቋንቋ አንብበው፣ ተረድተው፣ አዲስ ድርሰት እስከ መድረስ ይደርሱ ነበር። ይህን ያደርጉ የነበረውም ሩቅ አገር ሄደው አይደለም፤ እዚሁ ጋይንት ውስጥ ነው።

የጋይንቷን ቤተልሔም ስሟን ሰምታችሁ ይሆናል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድጓ ትምህርት ምስክር የሚሰጥባት ጉባኤ ናት። ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሚገኘው ከዚያ ነው። ከትግራይም ከጎጃምም ከሸዋም የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ እየለመነ ወደዚህ ምድር ይመጣ ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በትምህርተ ሃይማኖት ከዚያ ጉባኤ የምትለይበት ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ማስተማር ዘዴ ነው፤ በዚህ በኩል ከየኔታ ብዙ የምንማረው አለ።

ልብ በሉ፤ ግእዝ የማንም ልጅ የአፍ መፍቻ አልነበረም። ልጁ በቤቱ አማርኛ እየተናገረ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ደግሞ፣ ዳዊት የሚያነበው በግእዝ ነው። ለእርሱ ግእዝ ማለት ለእናንተ እንግሊዝኛ እንደ ማለት ነው፤ እንዲያውም የሚናገረው ሰው ስለሌለ ይበልጥ ይከብዳል። ታዲያ ይህ ልጅ ቅኔ ቤት ሲገባ ምን ይደረጋል? ግሡንና እርባታውን ይማራል፤ ግን በዚያ አይቆምም። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ የራሱን ቅኔ እንዲያዘጋጅ ይጠየቃል። የሚጀምረው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት መስመር ብቻ! ያ ሲቃናለት ባለ ሦስት ቤት ወደሆነው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ ቀስ እያለ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል።

ቀን ቀን ተማሪው ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፤ የተሰበረውን ያቃናሉ፤ ቃሉ ከቦታው ካልዋለ ይመልሱታል። ከዚያ የራሳቸውን ቅኔ ይናገሩና ሰሙን ከወርቁ ለይተው ያስረዳሉ። ጀማሪውን ደግሞ ቀድሞት የገባው ተማሪ ያስጠናዋል፤ አንድ መምህር ብቻውን ያን ሁሉ ልጅ አይችልምና። በማግስቱ ሌላ ቅኔ፣ ሌላ እርማት ይቀጥላል።

ቅኔው በአብዛኛው በቃል ነው። ብዕሩ የሚመጣው በድጓው በኩል ነው። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ገዝቶ አይማርም ነበር፤ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፈዋል። ከዚያ ቤተልሔም ሄዶ ከምስክሩ መምህር ፊት ያርመዋል። አንዷ የዜማ ምልክት ብትሳሳት ትፋቃለች፤ እንደገና ትጻፋለች። ስለዚህ እነዚህን ሦስት ነገሮች አስቀምጡልኝ፤ በየቀኑ ጥቂት መሥራት፣ በሰው መታረም፣ የታረመውን ደግሞ መጻፍ። በኋላ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንሻገር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የወንጌላውያን ማሠልጠኛ የመጡ ባለሙያ ሚስዮናውያን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፈሩ። ቴዎፊል ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ንጉሡ ከእነርሱ የፈለጉት በዋናነት የእጅ ሥራ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። መድፉ ወደ መቅደላ ሲጎተት ያለፈውም በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ሚስዮናውያኑ ግን የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ነበራቸው፤ ልጆችንም ያስተምሩ ነበር። ያ መጽሐፍ ቅዱስ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ያህል የደከመበት ትርጉም ነው። አቡ ሩሚ ሥራው ሲታተም ሳያይ አረፈ።

ቋንቋ አለማወቅ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳየን ታሪክም የዚያው ዘመን ነው። በ1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በሌሎች ሰዎች መተርጎም ነበረበት። መልስ ሳይሰጠው ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ንጉሡ እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ቆንስሉንና ሌሎችን አሰሩ፤ ነገሩ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በደም ተፈጸመ። የጦርነቱ ምክንያት የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ነበር አልልም፤ የመንግሥታቱ ፖለቲካ ነበረበት። ነገር ግን በሁለቱ መንግሥታት መካከል የሚሄደው ቃል ሁሉ በሦስተኛ ሰው አፍ የሚያልፍ ነበር። የራሱን ነገር በሌላው ቋንቋ ጽፎ፣ የሌላውንም አንብቦ የሚያስረዳ የአገር ልጅ በቤተ መንግሥቱ አልነበረም ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚሁ ከበጌምድር ወጣ። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በ1853 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በምንለው በይፋግ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ በነበረው በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኋላም መምህር ሆኑ። መጽሐፈ ሰዋስው የተባለውን የቋንቋ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በ1898 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ ወደ በርሊን ላኳቸው፤ በዚያ ለጀርመን ተማሪዎች ግእዝና አማርኛ አስተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በእምነታቸው ምክንያት ብዙ መከራ ቢደርስባቸውም ብዕራቸውን አልጣሉም፤ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተሰኘው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. አስመራ ታተመ። አለቃ ታየ የባዕድ ቋንቋ የተማሩት የራሳቸውን ጥለው አይደለም። የራሳቸውን ጠንቅቀው በማወቃቸው ነው ለሌላው አስተማሪ የሆኑት።

እንግሊዝኛ ራሱ በመንግሥት ትምህርት ቤት የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ በተከፈተው በምኒልክ ትምህርት ቤት ነው፤ ከፈረንሳይኛና ከጣልያንኛ ጎን ይሰጥ ነበር። እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የበለጠ ተፈላጊው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጣና የእንግሊዝ ጦርና አማካሪዎች ሲገቡ ነገሩ ተገለበጠ፤ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮተቤ ላይ ተከፈተ፤ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከተለ። መምህራኑ ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከ270 በላይ የአሜሪካ ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶቻችን እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው ስንል ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ተማሪው ጥቂት ነበር፣ መምህሩ ቋንቋውን ይናገር ነበር፣ ደብተሩም ይታረም ነበር። ነገር ግን ያ ዕድል የጥቂቶች ነበር። በዚያው ጊዜ በስማዳና በታች ጋይንት ገጠር የነበረ የገበሬ ልጅ አብዛኛው የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ወደ ብዙኃኑ ደረሰ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በየገበሬ ማኅበሩ ሽማግሌው ከልጁ ጋር ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ መማሩ መልካም ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ችግሩ ድልድዩ ላይ ነው። ታሪኩን፣ ጂኦግራፊውን በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ በአንድ ክረምት ልዩነት ሁሉንም በእንግሊዝኛ አንብብ ይባላል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ይወስድ ነበር፤ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የቴሌቪዥኑ መምህር አያየውም ነበር። እኛ ወደ ኋላ የቀረነው ሳንጽፍ ያለፈንን እየገለበጥን፣ የገለበጥነውን ሳንረዳ ነበር።

ሌላም አለ። አገር አቀፉ ፈተና ምርጫ ነው፤ ከሀ እስከ መ ካሉት አንዱን ማጥቆር። ፈተናው አንቀጽ ጻፉ ካላለ፣ ስድሳና ሰባ ልጅ የያዘ መምህር ለምን አንቀጽ ያጽፋል? ቢያጽፍስ ያን ሁሉ ደብተር መቼ ያርማል? መምህሩን አትፍረዱበት፤ ያለበትን አስቡለት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ፈተናው ከሞላ ጎደል የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን የሚችል ልጅ የሒሳቡን ጥያቄ ማንበብ ሲያቅተው ምን ይባላል? በዚያ ላይ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። ከእናንተ መካከል ዓመታት የባከኑበት አለ፤ ታናሽ እኅቱ ፊደል ሳትለይ ዐሥር ዓመት የሞላት አለ።

እንግዲህ ያስቀመጥናቸውን ሦስት ነገሮች እናንሣ። የኔታ ጉባኤ ውስጥ የነበረውና በእኛ የእንግሊዝኛ ክፍል የጠፋው እርሱ ነው። እኛ ሰዋስው ተምረናል፤ ቴንሱን ሁሉ በስሙ እንጠራለን። ቅኔ ቤት ቢሆን ግስ ብቻ አውርዶ አንድም ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር የቀረ ተማሪ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ተማሪ የኔታ ባለ ቅኔ ብለው አያሰናብቱትም።

ስለዚህ የወጣት ኅብረታችሁ ይህን እንዲሞክር እለምናችኋለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስልክም መብራትም አይፈልግም።

በመጀመሪያ ልጁ አማርኛውን አቀላጥፎ ማንበቡን እዩ። ካላነበበ ከዚያ ጀምሩ፤ እንግሊዝኛውን አትቸኩሉበት። አማርኛ ሲያነብ ለሚሰናከል ልጅ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ሸክም ነው።

ከዚያ በቀን ሁለት መስመር ብቻ አጽፉት፤ የእርሱን ጉባኤ ቃና። የሚጽፈው ራሱ ያየውን ይሁን። ዛሬ ጉና ላይ ጉም ነበር፤ እናቴ ገብስ ቆላች፤ ፍየላችን ወለደች፤ ይህን በእንግሊዝኛ ይጻፍ። የሌላ ሰው አንቀጽ በቃሉ አይያዝ፤ እኔ ጓደኛዬን ገበያ እንደ ላክሁት እንዳይሆንበት።

ማታ ወይም ከጸሎት ፕሮግራም በፊት ከእርሱ ከፍ ላለ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብብለት። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ያለች እኅት አምስት የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ትያዝ። ስሕተቱን ሁሉ በአንድ ቀን በቀይ አታጥለቅልቁበት፤ አንድ ሁለት ነገር አርሙ፤ ዛሬ ግሡን፣ ነገ ዐቢይ ፊደሉንና ነጥቡን። የታረመውን በንጹሕ ገጽ እንደገና ይጻፈው። ይህችን እንደገና መጻፍ አትዝለሏት፤ የድጓው ተማሪ ፍቆ ሲጽፍ እጁም ልቡም ይማር እንደነበር አስታውሱ። የምታርመዋም እኅት የራሷን አምስት መስመር ጽፋ ለመምህሯ ታሳይ። ከወር በኋላ ሁለቱ መስመር ሦስት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አንቀጽ ይሁን። በዓመቱ መጨረሻ ልጁ በገዛ እጁ የጻፈው፣ በሰው የታረመ አንድ ሙሉ ደብተር ይኖረዋል። ያን ደብተር ማንም በገንዘብ ሊገዛለት አይችልም።

አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ጎረቤቶቻችሁ ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ናቸው፤ ሙስሊሞችም አሉ። ልጆቻቸው ቢመጡ በሙሉ ልብ አስተምሯቸው፤ ደብተሩን መሳቢያ አታድርጉት። ወላጅ ልጁን ለእንግሊዝኛ አምኖ ከላከ ለእንግሊዝኛ ይቀበሉት። በስውር ሌላ ነገር ማስገባት እምነትን መስበር ነው፤ እምነት የተሰበረበት ቤት ደግሞ መልካሙንም ነገር አይሰማም። ቤቱን የሚያውቅ አንድ የቅኔ መምህር በአካባቢያችሁ ካሉም ሄዳችሁ እንዴት እንደሚያርሙ ጠይቋቸው። «የኔታ» ብላችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ተቀመጡ። ደስ ብሏቸው የሚነግሯችሁ ይመስለኛል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የአገራችንን ሰው ታስታውሳላችሁ። በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ማንበቡን ያነባል፤ ፊልጶስ የጠየቀው ግን ስለ ማንበቡ ሳይሆን ስለ መረዳቱ ነበር። ሰውዬው አላፈረም፤ የሚመራኝ ሰው ያስፈልገኛል ብሎ ፊልጶስን አጠገቡ አስቀመጠው። በየሰፈራችሁ የሚያነብ ግን የማይረዳ፣ የሚገለብጥ ግን የማይጽፍ ልጅ አለ። የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው።

እኔን ዐሥረኛ ክፍል ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ በሁለት ዓመት ትቀድመኝ ነበር። በየማታው ሦስት መስመር ታጽፈኝ፣ በእርሳስ ታርመኝ ነበር። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦ ዛሬ ገበያ ሄድሁ፤ እናቴ ጨው ገዛች። ጓደኛዬ በዚያ ገጽ ላይ የለም።

ጌታ ይባርካችሁ። ነገ ማታ ሁለት መስመር ጀምሩ።